ሦስት ጊዜ የተነበበው ደብዳቤ

ጽጌማርያም ከናይሮቢ ከተመለሰች ዛሬ ዘጠነኛ ቀኗ ነው። በእነዚህ ዘጠኝ ቀናት ወደ ስድስት ኪሎ ስትመላለስ አንድም ጊዜ በወረዳው ፍርድ ቤት በር አላለፈችም። ከቤቷ እስከ ፌርማታው በዚያ በኩል ቢሄዱት የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው፤ እሷ ግን በኮልፌ ገበያ ጀርባ ዞራ፣ የሰኔን ጭቃ እየረገጠች፣ ግማሽ ሰዓት ትደክማለች። እናቷ ምን ነክቶሽ ነው ቢሏት በዚያ በኩል ጭቃው አያስኬድም አለች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ጭቃው በሁለቱም በኩል አለ። በፍርድ ቤቱ በኩል ግን ጉልላት አለ።

ጉልላት ራፖር ጸሐፊ ነው። ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር አንድ ጥቁር ጃንጥላ ተክሎ፣ አንዲት ጠረጴዛና ለባለጉዳይ የሚሆን አግዳሚ ወንበር ዘርግቶ፣ የሰው እሮሮ ሲጽፍ ይውላል። ድንበሩን የተገፋ፣ ባሏ የከዳት፣ ከወንድሙ የተጣላ ሁሉ መጀመሪያ የሚመጣው እሱ ዘንድ ነው። ሥራው ሥርዓት አለው። ባለጉዳዩ ይናገራል፣ እሱ ይጽፋል፤ ጽፎ ሲጨርስ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነብለታል፤ ባለጉዳዩም «አዎ፣ ቃሌ ነው» ካለ በኋላ አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ያትማል። ያላሉትን አይጨምርም፣ ያሉትን አያስቀርም። በዚህ ነገር ቀልድ አያውቅም።

በጽጌ ቦርሳ ውስጥ ታዲያ በእናቷ ስም፣ በዚህ ሰው እጅ የተጻፈ አንድ ደብዳቤ አለ። መጋቢት ላይ ናይሮቢ ድረስ የሄደ፣ ከመታጠፍ ብዛት ሊቀደድ የደረሰ ደብዳቤ ነው። «የግራዝማች ተክለማርያም ልጅ አምሐ ሽማግሌ ልኮብሻል» ይላል። «ጨዋ ልጅ ነው፣ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ይሠራል፣ ሳንሱሲ በኩልም ርስት አላቸው። ልጄ፣ እሺ በዪና ዓይኔ እያየ ልዳርሽ።» ሽማግሌዎቹ ለመልስ የተቀጠሩት ለፊታችን እሑድ ነው። ዛሬ ሐሙስ ነው። እሺ ካለች ጉልላትን ማጣቷ ነው። እምቢ እንዳትል ደግሞ ጉልላት ራሱ በዚያ ባማረ እጁ እሺ በዪ ብሎ ጽፎላታል። እሷ የገባት እንዲህ ነው።

የሁለቱ ነገር የተጀመረው ከሁለት ዓመት በፊት፣ በስልሳ ሁለት ዓመተ ምሕረት ነው። የሕግ ተማሪዎች ለድኻ በነጻ ምክር እንዲሰጡና ማመልከቻ እንዲጽፉ በየፍርድ ቤቱ ሲመደቡ ለጽጌ የደረሳት የገዛ ሰፈሯ ሆነ። ራፖር ጸሐፊዎቹ ሲያዩዋት እንጀራችንን ልትዘጋ መጣች ብለው ፊታቸውን አጠቆሩባት። ጉልላት ብቻ ከአግዳሚው ጫፍ ቦታ ለቀቀላት። እሷም ከመሬቷ የተነቀለች የአንዲት ባልቴት ጉዳይ ይዛ፣ አንቀጽ በአንቀጽ ላይ ደርድራ፣ ሦስት ገጽ ሙሉ ጻፈችና እንዲያየው ሰጠችው። አንብቦ ሲያበቃ፣ «ይሄ የእርስዎ ነው» አላት፤ «የሴትዮዋ የት አለ?» ያን ቀን በንዴት ራቷን አልበላችም። በማግስቱ ግን ሴትዮዋን አስቀምጣ፣ ያለችውን ብቻ፣ እንዳለችው ጻፈች። ዳኛው ወረቀቱን እስከ መጨረሻው አነበበው። ከዚያ ወዲያ ጽጌ መጽሐፏን ይዛ ጃንጥላው ሥር ካልተቀመጠች የዋለች አይመስላትም ነበር።

ፍቅር ሆነ። ማን እንደጀመረው እንጃ። ባለጉዳይ እያለቀሰ ሲናገር እሱ አቀርቅሮ ይጽፋል፣ እሷ ታየዋለች፤ እሱ ቀና ሲል እሷ መጽሐፏ ውስጥ ናት። «እርስዎ» ቀርቶ «አንቺ» ሆነ። ከዚያ ያለፈ አንድ ቃል ግን በመካከላቸው አልወጣም። እሱ ከጎጃም የመጣ የቆሎ ተማሪ፣ ማታ ማታ ተምሮ ስምንተኛ ክፍል የደረሰ፣ አዲስ አበባ ላይ ሽማግሌ አድርጎ የሚልከው አንድ ዘመድ የሌለው ሰው ነው። እሷ ደግሞ በአውሮፕላን ለትምህርት የሄደች የሰፈሩ የመጀመሪያ ልጅ ናት። ጥቅምት ላይ ለስምንት ወር ናይሮቢ ልትሄድ ስትሰናበተው እጇን ከወትሮው ትንሽ አቆይቶ ያዘው። ስንቋ ያ ብቻ ነበር።

ናይሮቢ ላይ ግማሹን ቀን ቤተ መጻሕፍት ገብታ ጥናቷን ትሠራለች፤ ግማሹን ከዚያው አገር የሕግ ተማሪዎች ጋር ለድኻ በነጻ ምክር በሚሰጥበት ክፍል ታገለግላለች። የጥናቷ ርእስ ፊደል ያልቆጠረ ሰው በጣቱ ስለሚያትመው ጽሑፍ ነበር። ወረቀቱ ላይ ያለው ቃል የማን ነው? የጸሐፊው ነው ወይስ የባለ ጣቱ? አንድ ቀን የእርሻ ቦታዋን በማታውቀው ውል የተነጠቀች አሮጊት መጥታ በአስተርጓሚ አፍ፣ ጣቱ የኔ ነው፣ ቃሉ ግን የኔ አይደለም፣ ያነበበልኝ የለም አለች። ጽጌ ያን ዕለት ጉልላት እንዴት ናፈቃት። እሱ ሳያነብ አያሳትምም። ለእናቷ በጻፈችው ደብዳቤ ላይ የጥናቷን መደምደሚያ እንደ ትልቅ ቁም ነገር አስገባችው፦ «ጸሐፊ እጅ ነው፤ ቃሉ የባለቤቱ ነው።» እናቷ ምኑም እንደማይጥማቸው ታውቃለች። የጻፈችው ደብዳቤውን ለሚያነብላቸው ሰው ነው።

እናቷ ወይዘሮ ዘነበወርቅ ኮልፌ ገበያ የታወቁ ቅቤ ነጋዴ ናቸው። ለጋውን ከበሳሉ አሽትተው ይለያሉ፤ ፊደል ግን ሀ ብለው አልቆጠሩም። ባላቸው የሞቱ ሰሞን ባልተነበበላቸው ወረቀት ላይ አትመው አስኮ የነበረችውን ቁራሽ ቦታ አጥተዋል። ልጃቸው ሕግ ላጥና ያለችውም ያኔ ነው። ከዚያ ወዲህ ወይዘሮ ዘነበወርቅ በወረቀት ነገር ከጉልላት በቀር የሚያምኑት ሰው የለም። የልጃቸውን ደብዳቤ የሚያስነብቡትም፣ መልሱን የሚያጽፉትም እሱ ዘንድ ነው።

መልሱ በየወሩ ይመጣ ነበር። «ልጄ፣ አንቺ ከሄድሽ ቤቱ ሰፋብኝ። ከገበያ ስገባ በር በሩን አያለሁ። ሰው ሲስቅ ያንቺ ሳቅ ይመስለኛል።» ጽጌ ይህን ስታነብ ልቧ ቀጥ ይላል። እናቷ ደግ ናቸው እንጂ እንዲህ ያለ ቃል ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም፤ የእሳቸው ፍቅር «በላሽ ወይ» ነው። እንግዲያ ይህ የማን ነው? የእጅ ጽሑፉን እያየችው ነው። የሕግ ተማሪዋ ራሷ ከስሳ ራሷ ፈረደች፤ ጉልላት በእናቷ ስም እየናፈቃት ነው። ደብዳቤዎቹን ትራሷ ሥር አድርጋ አምስት ወር በዚህ ኖረች። መጋቢት ላይ የአምሐ ነገር የተጻፈበት ሲመጣም ፍርዷን አላነሣችም። ናፍቆቱ የእሱ ከነበረ፣ እሺ በዪውም የእሱ ነዋ። ለሰው ሁሉ ቃሉ የባለቤቱ ነው እያለች የምትከራከረው ልጅ የገዛ ጉዳይዋ ላይ ስትደርስ ከእጅ ጽሑፉ አልፋ ማየት ተሳናት። ትምህርት ለሌላው ሲሆን ይሠራል፤ ለራስ ሲሆን ግን ይከዳል መሰለኝ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ወይዘሮ ዘነበወርቅ ቅቤ እያጠቡ ስለ እሑዱ ያወራሉ። ጎረቤታቸው ሰዓዳ ለእንግዶቹ ብርጭቆ ልታውሳቸው ቃል ገብታለች። ከዚያ ወሬው ወደዚያ ደብዳቤ ዞረ። እንዴት ያለ ደብዳቤ ነበር አሏት፤ ልጁ እንደ ድጓ ነው የሚያዜመው፣ ደስ ቢለኝ ደጋግሜ አስነበብኩት።

«ስንት ጊዜ?» አለች ጽጌ፣ ለወጉ ያህል።

«ሦስት ጊዜ። ሦስተኛው ላይ ድምፁ ዘጋና ውኃ ለመነኝ። ከመንገዱ ማዶ ከጀማል ሱቅ አምጥቼ ሰጠሁት፣ አንድ ብርጭቆ ሙሉ ግጥም አድርጎ ጠጣ። ከዚያ ጨረሰልኝ።»

ወይዘሮ ዘነበወርቅ ወደ ብርጭቆው ወሬ ተመለሱ። ጽጌ ግን ከዚያ ወዲያ የሰማችው የለም። ጉልላት በቀን ሃያ ማመልከቻ ሲያነብ ድምፁ ዘግቶ አያውቅም። በልቡ ያለውን የጻፈ ሰው ሦስተኛው ላይ ውኃ ለምን ይለምናል? ደስ አላላትም፤ ፈራች። ባለጉዳዩን ሳትሰማ የፈረደች ዳኛ ነበረች።

ዓርብ ጠዋት በአጭሩ መንገድ ሄደች። ዝናቡ አባርቷል፣ ጃንጥላው ግን ገና ያንጠባጥባል። ጉልላት አንድ ሽማግሌ አሳትሞ ሲያሰናብት ቀና አለና አያት። ብድግ ብሎ እንኳን ደህና መጣሽ አላት። ከስቷል። ጽጌ ለሰላምታው መልስ ሳትሰጥ ደብዳቤውን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ይሄ የማን እጅ ነው?»

«የኔ።»

«ቃሉስ?»

ደብዳቤውን አላነሣውም፤ በቃሉ ያውቀዋል። «የእናትሽ» አላት። «አንቺው ጽፈሽው የለ? ጸሐፊ እጅ ነው ብለሽ። ለእናትሽ ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ።»

ጉንጯ ጋለ። ቢሆንም አልተወችውም፤ ቤቱ ሰፋብኝ የሚለው፣ በር በሩን አያለሁ የሚለውስ የማን ነው አለችው። እሱም የእናትሽ ነው አለ ጉልላት፤ አንድ ፊደል የኔ የለበትም። እዚህ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው፣ ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ አድርገው እያለቀሱ ነው ያሉት። ፊት ለፊት አይወጣልኝም፣ በወረቀት ግን ይወጣልኛል ብለውታል። እንዳይነግርባቸውም አደራ ብለውት ነበር፤ ዛሬ አደራ በላ።

ጽጌ አምስት ወር ትራሷ ሥር ያደረገችው ናፍቆት የእናቷ ነበር። በላሽ ወይ ብቻ የሚሉት እናቷ ለካ ይህን ሁሉ በሆዳቸው ይዘው ኖረዋል። በአንድ ጊዜ እናቷን አገኘች፤ በዚያው ደግሞ ጉልላትን ያጣች መሰላት። ከእሱ ዘንድ አንድም ቃል ደርሷት አያውቅም ማለት ነው።

«ያንተስ የት አለ?» አለችው። ድምፁ እንጂ ጥያቄው አዲስ አልነበረም፤ ከሁለት ዓመት በፊት እሱ የጠየቃት ነው።

ጉልላት መጀመሪያ ሰሞን የራሱን ደብዳቤ ጀምሮ እንደነበር ነገራት። ከዚያ እናቷ መጥተው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ማንበብ የማይችሉ ሴት፣ አንዴ በወረቀት የተቃጠሉ ሴት፣ ያሉትን ብቻ እንደሚጽፍ አምነው ሆዳቸውን ዘረገፉለት። በዚያው ብዕር ከኋላቸው ለልጃቸው ሌላ ነገር መጻፍ አቃተው።

«ዓይናቸውን አውሰውኛል» አላት። «በተዋስኩት ዓይን ልጃቸውን ልጥቀስበት?»

እንግዲያ እሑድ ቁጭ ብለህ እይ አለችውና ደብዳቤዋን አንሥታ ሄደች። መንገድ ላይ እንባዋ መጣ። ያናደዳት ዝምታው አልነበረም፣ ትክክል መሆኑ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ጠልቶ መገላገል አይቻልም፤ ይልቅ ከመቼውም የበለጠ ወደደችው። ቤት ገብታ ለእናቷ ልትነግራቸው አፏን ስትከፍት በር በሩን አያለሁ ያሉት ትዝ ይላታል፣ እንባ ይቀድማታል። ወይዘሮ ዘነበወርቅ ዓይኗን አዩና በላሽ ወይ አሏት። ጽጌ ይህን ጥያቄ ለመጀመሪያ ጊዜ ትርጉሙን አውቃ ሰማችው።

ቅዳሜ ፍርድ ቤቱ ግማሽ ቀን ነው። ወይዘሮ ዘነበወርቅ በጠዋት ልጃቸውን ተነሽ አሏት። የልጅ ዝምታ እሺታ ነው ብለው ቆርጠዋል፤ ስለዚህ ደብረ ማርቆስ ላለው ወንድማቸው ለመኳንንት ደብዳቤ ዛሬ መሄድ አለበት፣ ለቀለበቱ እንዲደርስ። ጽጌ እኔ እጽፋለሁ ብትል ያንቺ ጽሑፍ የዶሮ ጭረት ነው፣ ለወንድሜ እንዲህ ያለ አልልክም አሏት። ምን ታድርግ፣ ተከተለቻቸው። ጃንጥላው ሥር ሲደርሱ ጉልላት ሁለቱንም እጅ ነሣ፣ ከጽጌ ዓይን ግን ሸሸ። እናትና ልጅ አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

«ለወንድሜ ለመኳንንት» ብለው ጀመሩ ወይዘሮ ዘነበወርቅ። «ጽጌማርያም በሰላም ገብታለች። ለአምሐም እሺ ብላለች።»

ብዕሩ «ገብታለች» ላይ ደርሶ ቆመ።

«እትዬ ዘነበወርቅ» አለ ጉልላት፣ «የእርስዎን ቃል አንድም ቀን አልጽፍም ብዬዎት አላውቅም። ይሄ ግን የልጅቷ ቃል ነው፤ እሷም እዚሁ አጠገብዎ ተቀምጣለች። ከአፏ ሳልሰማ አልጽፈውም።»

ወይዘሮ ዘነበወርቅ አንተ ምን ቸገረህ ሊሉ አሰቡ። ግን ሥርዓቱን ያውቃሉ፤ ያመኑትም በዚሁ ነው። ወደ ልጃቸው ዞረው በይ ንገሪው አሏት።

ጽጌ እሱን አየችው። እሱም አሁን ዓይኑን አላሸሸም። ስምንት ወር ሙሉ የሰው ቃል በሰው እጅ ስትመረምር ኖራ ዛሬ የተጠየቀችው የራሷን ነው።

«እሺ አላልኩም» አለች። «ጻፍ። አጎቴ፣ አምሐን አላገባም። እሱ ክፉ ሆኖ አይደለም። ልቤ ከሄደ ሁለት ዓመት ሆኖታል። የሄደው ፍርድ ቤት በር ላይ፣ ጃንጥላ ሥር ተቀምጦ የሰው ቃል ወደሚጽፍ ሰው ነው። እናቴ አልሰማችም ነበር፣ ዛሬ ትሰማለች። እሷ ካልመረቀችኝ እሱን አላገባም፤ ሌላም አላገባም። ናፍቆቷን በደብዳቤ ስትልክልኝ የሌላ ሰው መስሎኝ ነበር። ይቅር ትበለኝ።»

ጉልላት አቀርቅሮ ጻፈ። ያሉትን አያስቀርም። ጨርሶ ቀና ሲል ወይዘሮ ዘነበወርቅ ወረቀቱን ያዩ ነበር።

«አንብብልኝ» አሉት።

አነበበ። ጃንጥላ ሥር የሚለው ላይ ሲደርስ ቃሉ ጉሮሮው ላይ ቀረ። ወይዘሮ ዘነበወርቅ ጠበቁት። እንደምንም አወጣውና እስከ ይቅር ትበለኝ ዘለቀ።

«ትወዳታለህ?» አሉት።

«እወዳታለሁ» አለ። ጽጌ ከእሱ የሰማችው የራሱ የሆነ የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመሄዷ በፊት።»

ወይዘሮ ዘነበወርቅ ወራቱን በልባቸው ቆጠሩ። ከመሄዷ በፊት ከሆነ መጋቢትም በዚያ ውስጥ ነው። አግዳሚውን አዩ፣ ከዚያ የጀማልን ሱቅ አዩ፣ ውኃውን ያመጡበትን።

«ሦስት ጊዜ አስነበብኩህ» አሉ። ድምፃቸው አነሰ። «እሺ በዪ ያልኩትን እምቢ በዪ ብለህ ብትጽፈው ማን ያውቅብህ ነበር? እኔ አላነብም። ልጄ አገር የለችም። ማን ያውቅብህ ነበር?»

«ቃሉ የእርስዎ ነው» አለ ጉልላት።

ወይዘሮ ዘነበወርቅ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። ጽጌ ያን አለቃቀስ በወረቀት ላይ እንጂ በዓይኗ አይታው አታውቅም ነበር፤ እጃቸውን ያዘች። አስኮ ላይ ያችን ቁራሽ መሬት የወሰደባቸው ሰው ርስት ነበረው፣ ስምም ነበረው፤ ፊት ለፊታቸው ያነበበላቸው ግን አልነበረም። ይኸኛው የገዛ ልቡን የሚሰብር ቃል ሦስት ጊዜ ጮክ ብሎ አነበበላቸው፣ አንድ ፊደልም አልሰረቃቸው። ከዚህ በላይ ለልጄ ምን ዓይነት ሰው እፈልጋለሁ አሉ፤ ለማን እንዳሉት አልታወቀም።

ከዚያ ዓይናቸውን ጠራርገው እሑድን ለኔ ተዉልኝ አሉ። የግራዝማችን ሽማግሌዎች በክብር ተቀብዬ በክብር እሸኛለሁ፤ የሰዓዳን ብርጭቆ ግን አልመልስም፣ ወንድሜ ሲመጣ ለአንተ ሽማግሌ ሆኖ ይቀመጣል፣ ያኔ ያስፈልገናል። ጉልላት ብድግ ብሎ ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ ሲል በትከሻው ያዙት።

«መጀመሪያ ሥራህን ጨርስ። እንደገና አንብብልኝ።»

አነበበ።

«አሁንም።»

ሦስተኛውን ሲጀምር ጽጌ ከጀማል ሱቅ ውኃ ላምጣልህ ወይ አለችው። ራሱን በእምቢታ ነቀነቀ። ድምፁ እስከ መጨረሻው ጠርቶ ወጣ። ወይዘሮ ዘነበወርቅ ቀለሙን ወደ ራሳቸው ሳቡና አውራ ጣታቸውን ነከሩ፤ የልጃቸው ስም ካለበት ጎንም አተሙት።

«አዎ» አሉ፣ «ቃሌ ነው።»